ስቅለት ማታ የዞረው እሳት

ከመንደሩ በሮች ሁሉ ትልቁ ጓጉንቸር የተንጠለጠለው የኛ በር ላይ ነበር፤ እኔም እኮራበት ነበር። የሌሎቹ ልጆች ቤት በእንጨት መቀርቀሪያ ነው የሚዘጋው። የኛ ግን አባቴ ከተማ ወርዶ የገዛው፣ ሁለት እጄን የሚሞላ ጥቁር ብረት ነበረው። የሚቆለፈውም በውጭ በኩል ነው።

"ተኩላ ብልጥ ነው" ይለኝ ነበር አባቴ፣ ቁልፉን ካንገቱ ክር ላይ እያሰረ። "በውስጥ የተቆለፈ በር አያቅተውም። በውጭ የተቆለፈውን ግን አይችለውም።"

ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ስቴርዮስ ደግሞ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ሳሎኒካን ያየ፣ አቴናን ያየ፣ አገር ያወቀ ሰው። እሱን ያላመንኩ ማንን ልመን?

ቤታችን ከመንደሩ ተነጥሎ ከገደሉ ወዲህ ነበር የቆመው። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መቃብሩና ሌላው ሰው ሁሉ ከገደሉ ማዶ ነው። ወደ መንደሩ መሄድ የሚፈልግ ቁልቁል እስከ ድልድዩ ይወርድና እንደገና ሽቅብ ይወጣል። የምድር ቤቱ መስኮቶች ፍርግርግ ብረት አላቸው። ፎቁ ላይ ያለው የእንጨት ሰገነት ክፍት ነው፤ ግን ከገደሉ በላይ ስለተንጠለጠለ ወደ ታች ያየ ሰው ራሱ ይዞርበታል። እኔ ሰገነቱን እወደው ነበር። አንድ የክረምት ቀን እናቴ ከዚያ ላይ ሆና ወደ ማዶ ስትጣራ ትዝ ይለኛል፤ ረጅም ጊዜ ተጣራች። በመቃብሩ በኩል እንጨት የተሸከመ ሰው ቆመና እጁን አነሳ፤ ከዚያ መንገዱን ቀጠለ። እኔም እጄን አውለበለብኩለት። ሰላም ያለን መስሎኝ ነበር።

እናቴ ዲያማንዶ ጫማ አትወድም። እንደዚያ ነበር የማውቀው። በበረዶውም በጭቃውም ወራት በባዶ እግሯ ነው ቤቱ ውስጥ የምትመላለሰው፤ ስትቆም አንዱን እግሯን በሌላው ላይ ደርባ ታሞቃለች። ጫማዎቿ በጆንያ ታስረው፣ ከአባቴ መኪና ወንበር ኋላ ተወሽቀው አገር ላገር ይዞሩ እንደነበር የሰማሁት ጎልምሼ፣ ራሴ እናት ከሆንኩ በኋላ ነው። እሷ በር መውጣት ያልቻለችውን ያህል ጫማዎቿ ግሪክን አዳረሱ።

ያን ዓመት አባቴ የሰሙነ ሕማማት ሰኞ ብርቱካን ጭኖ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት እንደ ልማዱ ከምድጃው በላይ ያለውን ክብሪት አንስቶ ኪሱ ከተተ።

"ልጅ ያለበት ቤት ክብሪት አይቀመጥም" አለ።

"በምን አበስላለሁ?" አለች እናቴ።

"ጾም አይደለም እንዴ? ዳቦ አለ፣ ወይራ አለ፣ ሽንኩርት አለ። ክርስቲያን ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?"

እውነቱን ነው ብዬ አሰብኩ። ከመንደሩ ሰው ሁሉ አጥብቀን የምንጾመው እኛ ነን፤ አባቴ መንገድ ሲወጣ ትኩስ ነገር የሚባል ከአፋችን አይገባም። ጌታ ይህን ያያል፣ ለሌሎቹ ከሚሰጠው የበለጠ ይሰጠናል ብዬ በልቤ እመካ ነበር።

አባቴ አንሥቶ አቀፈኝ። "ቅዳሜ እመጣለሁ፤ በግ ይዤ። ከፋሲካ ማግስት ደግሞ ዕቃችንን ጭነን ላይኛው ወፍጮ ቤት እንገባለን።"

"እዚያ ማን አለ?"

"ማንም የለም" አለኝ፤ ፊቱ በደስታ በራ። "እኛ ብቻ።"

እየዘለልኩ አጨበጨብኩ። ወንዝ ይኖራል፣ ፍየል ይኖራል። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን ሳህን ታጥብ ነበር። ሳህኑ ከጠራ በኋላም ብዙ አጠበችው። ወፍጮ ቤቱን እሷ ታውቀዋለች። የአባቴን ሴት አያት ባሏ እዚያ ለብቻዋ አስቀምጧት ነበር፤ መሞቷ የታወቀው በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሲከፈት ነው። ይህን ለእኔ የነገረኝ አልነበረም። ወደ ወፍጮ ቤቱ ከገባች አትወጣም፤ እናቴ ያን ሳምንት ስትንቀሳቀስም ስትቀመጥም የምታስበው ይህንኑ ነበር። እኔ ደግሞ ለፍየሎቹ ስም ሳወጣ ሰነበትኩ።

ሐሙስ ዕለት የክርስትና እናቴ እትዬ ያኑላ መጣች። ክርስትና እናት ለፋሲካ ሻማና አዲስ ጫማ ታመጣለች፤ ወጉ ነው። ሻማው ነጭ ነው፣ ሪባን የታሰረበት። ጫማውም ነጭ ነው። ሁለቱንም በመስኮቱ ብረት መሃል አሾልካ ሰጠችን።

"ዲያማንዶ፣ በሩን ክፈቺልኝ እንጂ! ልጄን ልሳማት።"

"ቁልፉ እሱ ጋ ነው፣ እትዬ።"

እትዬ ያኑላ ዞር ብላ በሩን አየች።

"ለተኩላ ነው!" አልኳት ከእናቴ ክንድ ሥር ብቅ ብዬ።

አማተበች። "መቼ ነው የሚመጣው?"

"ቅዳሜ" አለች እናቴ። ከዚያ በብረቱ መሃል እጇን ሰዳ የአሮጊቷን እጅጌ ያዘች። "እትዬ፣ ለቄሱ ለአባ ኮስማስ ንገሪልኝ።"

"ምን ብዬ ልንገር፣ ልጄ?"

"ያየሽውን።"

"እኔ ምን አየሁ?" አለች እትዬ ያኑላ፤ እጅጌዋን ግን አልነጠቀችም። "የባልና የሚስት ነገር… መሃል የገባ እሱ ነው የሚዋረደው። ደግሞ ስቴርዮስ አይጠጣ፣ አይሰርቅ። እኔ ካገባሁት ሰው ጋር ብታስተያዪው መልአክ ነው። ሳምንቱም ሕማማት ነው፤ ሁሉም ይታገሣል፣ አንቺም ታገሺ።"

"ክብሪት ይኖርሻል?"

"ክብሪትም የላችሁ?" ኪሶቿን ዳበሰች። "አላጨስ እኔ፣ ከየት አመጣለሁ።" ጉንጬን በብረቱ መሃል በሁለት ጣቷ ነካችኝና ቁልቁለቱን ወረደች። ሁለት ጊዜ ዞራ አየችን። እኔ ጫማዬን ከፍ አድርጌ አሳየኋት።

ማልቀስ የጀመርኩት ስትሄድ ነው። ሻማ አለኝ፣ እሳት የለኝም። ይህ ብቻ አይደለም፤ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የደበቅኩት ሀብትም ነበረኝ፤ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ፣ ገና ያልተነካ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ። የመንደሩ ልጆች ቅዳሜ ማታ "ክርስቶስ ተነሥቷል" ሲባል ያንን ሽቦ በገመድ አስረው፣ በእሳት አያይዘው፣ ከራሳቸው በላይ ያዞሩታል። ብልጭታው እንደ መንኮራኩር ዙሪያውን ይረጫል። ዘንድሮ እኔም ላዞር ነበር ሐሳቤ።

እናቴ ሽቦውን ከእጄ ወሰደች። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ለሁለት ከፈለችውና በጣቷ ትፈታታው ጀመር።

"ከማዶ ይታያል?" አለችኝ።

"እንዴ፣ እማ! አምና ማዶ እነዮርጎስ ሲያዞሩ ከኛ ሰገነት አላየንም?"

"አይተናል" አለች። "ልክ ነሽ፣ ቫያ፤ አይተናል።"

ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ከሽቦው ላይ ቀና አላለችም። ተቆጣችኝ ብዬ ፈርቼ ነበር።

አርብ ጠዋት ደወሉ ማዘን ጀመረ። ስቅለት ቀን የማይደረገውን ማንም ሕፃን ያውቃል፦ መርፌ አይያዝም፣ ሚስማር አይመታም፣ ልብስ አይታጠብም። አንጥረኛው ጋሼ ሊያስ በዚያን ቀን ሰው መዶሻውን በስህተት እንዳይነካው ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ይደብቀዋል ይባል ነበር። እናቴ ግን ከሰዓት በኋላ ባልዲ ውሃ እየተሸከመች ወደ ሰገነቱ ወጣች፤ ጣውላውን፣ መደገፊያውን፣ ግድግዳውን ሳይቀር በውሃ አራሰችው። ያንጠባጥባል፣ አሁንም ትደፋበታለች።

"እማ! ዛሬ ስቅለት ነው! ሥራ አይሠራም!"

"ቆሽሿል።"

"ኃጢአት ነው!"

"ይሁን" አለች፣ ሌላ ባልዲ ይዛ እየወጣች።

እናቴ ለፋሲካ ቤት ማሳመር አማራት፣ ቀኑ ግን ጠፋባት ብዬ ደመደምኩ። ደረቅ እንጨትና ብልጭታ ምን እንደሚሠሩ ማሰቧን መቼ ተረዳሁ።

ሲመሽ ፀጉሬን ጎነጎነችልኝ፣ ነጩን ጫማ አደረገችልኝ። እሷም ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች። ከዚያ ከአባቴ መሳቢያ ያረጀውን የእጅ ባትሪ አውጥታ ፈታችው፤ ውስጡ የነበረው ድንጋይ ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ ምላስ የወጡ ሁለት የናስ ቅጠሎች ያሉት። ሽቦውን በሁለቱ ቅጠሎች ላይ አስነካችው። ምንም የለም። እንደገና አስነካችው። አንድ ጫፍ ቀላ፣ ወዲያው ጠፋ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"እሳት እያወጣሁ ነው።"

"ከብረት?" ሳቅኩባት።

ድንጋዩን ብብቷ ሥር አድርጋ አሞቀችው። ወንድሟ በውትድርና ጊዜ የሬድዮ ሠራተኛ ነበር፤ ድንጋይ ሲደክም እንደዚያ ይደረጋል ብሏታል። ሽቦውን ደግሞ በገመድ አስራ ሳሳ አድርጋ ዘረጋችው፣ እፍ ቢሉት እስኪበር ድረስ። ከማዶ ዝማሬ ተሰማ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሻማ ይዘው መውጣት ጀምረዋል፤ የጌታ ሥዕል ያለበትን፣ የቀብሩ ምሳሌ የሆነውን በአበባ ያጌጠ አልጋ አራት ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመዋል፣ ሕዝቡም ከኋላ ይከተላል። መንደሩን ዞረው ወደ መቃብሩ ይሄዳሉ፤ መንገዱ በገደሉ አፋፍ፣ በኛ ሰገነት ትይዩ ያልፋል። በየዓመቱ ከሰገነቱ ሆነን እናያለን። ያንን የሻማ መስመር ከዓለም ሁሉ አስበልጬ እወደው ነበር።

እናቴ ሻማዎቹ ወደ አፋፉ እስኪጠጉ ጠበቀች። ለሦስተኛ ጊዜ አስነካችው። ቀላ፤ አልጠፋም። ቀይ ጉንዳን መስሎ ከክር ወደ ክር እየሄደ ተስፋፋ፣ ጠቅላላው ሽቦ ያለ ነበልባል ፈካ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ብረት ይቃጠላል!

ሰገነቱ ላይ ወጣች። የጌታ አልጋ ከኛ ትይዩ ደርሶ ነበር፤ አባ ኮስማስ ጸሎት ሊያደርሱ የሚቆሙት እዚያ ነው። ሁሉም ዝም ብሎ ሲቆም ገመዱን አዞረችው።

እሳቱ ከራሷ በላይ ክብ ሠራ። ብልጭታው ወደ ገደሉ ዘነበ፣ በእርጥቡ ጣውላ ላይ እየፈላ ጠፋ፣ ፀጉሯን ለበለበው። ቆንጆ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ቆንጆ ነገር አይቼ አላውቅም። ወዲያው ግን አፈርኩ። ጌታ ሞቶ፣ ሰው ሁሉ እያለቀሰ፣ የኔ እናት ርችት ታደርጋለች! ቀሚሷን ይዤ ጎተትኳት።

"ነገ ነው! እማ፣ ነገ ነው! ዛሬ አይደለም!"

"ዞር በይ፣ እንዳያቃጥልሽ" አለችና ሁለተኛውን ሽቦ ከመጀመሪያው አያያዘችው።

ከማዶ ጸሎቱ ተቋረጠ። "ማነው ያ አረመኔ!" የሚል ድምፅ ገደሉን ተሻገረ። "የስቴርዮስ ቤት ነው!" "ልጅቷ ናት?" "ልጅ አይደለችም፣ ሴትዮዋ ናት፤ አብዳለች!" "በጌታ ቀብር ላይ!" ሻማዎቹ መስመራቸውን ለቀው ተበታተኑ፣ ከዚያ በአንድነት ወደ ድልድዩ ይጎርፉ ጀመር። ሊደበድቡን እየመጡ ነው ብዬ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። እናቴ ግን ገመዱን ጥላ ወደ በሩ ወረደች፤ ከበሩ ጀርባ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ በላብ ርሷል።

"እየመጡ ነው" አለች። ድምፅዋ ደስታ ነበረበት፤ እኔም እውነትም አብዳለች ብዬ አለቀስኩ።

ደረሱ። በሩን በቡጢ መቱት። "ውጪ፣ አንቺ ሴት! አታፍሪም?" "ውጪና ሕዝቡን ይቅርታ ጠይቂ!"

"ልወጣ አልችልም" አለች እናቴ፣ ከተቀመጠችበት።

"ምን ማለት ነው አልችልም?" ያሉት አባ ኮስማስ ናቸው። ከዚያ ሻማቸውን ወደ በሩ አስጠጉ መሰለኝ፣ ጩኸቱ ከፊት ወደ ኋላ እየረገበ ሄደ።

ጓጉንቸሩን አዩት። ብዙዎቹ ከዚያ በፊትም አይተውታል፤ እንጨት የተሸከመው ሰውም እዚያ ነበር፣ እትዬ ያኑላም። እያንዳንዱ ለብቻው ያውቅ ነበር፤ ለብቻ ያወቁትን ነገር ለብቻ መርሳት ይቻላል። አሁን ግን መንደሩ በሙሉ፣ ቄሱ ከፊት፣ ሻማ በእጁ ይዞ ቆሟል።

"ሊያስ" አሉ አባ ኮስማስ፣ "ይህን ስበረው።"

"ዛሬ?" አለ አንጥረኛው። "ስቅለት ቀን መዶሻ ላንሳ፣ አባ? አባቴ አላነሳም፣ አያቴም አላነሳም።"

"ነገ ስቴርዮስ ይመጣል፤ ራሱ ይከፍታል" አለ አንዱ። "የሰው በር ነው፣ እኛ ምን አገባን?"

ብዙዎች "እሱስ ልክ ነው" አሉ። አባ ኮስማስም ሻማቸውን ዝቅ አደረጉ። ከበሩ ወዲህ እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። እግር ኮቴ ሰማሁ፣ ከኋላ ያሉት መመለስ ጀምረዋል።

ያኔ ነው ከጠረጴዛው ሥር ወጥቼ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠልኩት። አባቴን እየናቁት መሰለኝ።

"አትችሉም!" አልኳቸው። "ካባቴ በቀር ማንም አይከፍተውም!"

አባ ኮስማስ ሻማቸውን ወደኔ አነሱ። "እናትሽም አትከፍተውም?"

"አትከፍትም።"

"ወደ ገበያስ ስትወጣ?"

"እማ አትወጣም! ጫማም የላት" አልኩ፣ ነጩን ጫማዬን በብረቱ መሃል እያሳየሁ። "ለተኩላ ነው የተቆለፈው። እኛ ውስጥ ስንሆን ተኩላው አይገባም።"

ማንም አልሳቀም። ከሴቶቹ አንዷ "ወይኔ" አለች። እትዬ ያኑላ ሕዝቡን በክርኗ እየገፋች መጣች፣ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሳች፣ ጓጉንቸሩን መታችው። የብረቱ ድምፅ ገደሉን አስተጋባ። በስቅለት ቀን እንደዚያ ያለ ድምፅ በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም።

"ኃጢአቱ የኔ ነው!" አለች። ደግማ መታችው። ጣቷ ደማ። "ሐሙስ ዕለት አይቼዋለሁ! የኔ ነው!"

"ተዪው፣ እትዬ፣ እጅሽን ትሰብሪያለሽ" አለ ጋሼ ሊያስ። የአንጥረኛው ቤት ከድልድዩ አጠገብ ነው። ሮጦ ሄደ፣ ሮጦ መጣ። ከመምታቱ በፊት ወደ ቄሱ አየ።

"ምታው" አሉ አባ ኮስማስ።

በሁለት ምት ወደቀ። እናቴ ተነሥታ ደፉን ተሻገረች፤ አንዱን እግሯን በሌላው ላይ አልደረበችም። እትዬ ያኑላ ያደረገችውን ጫማ አውልቃ ከፊቷ አኖረችላት። ጫማው እናቴን ሰፍቷት ነበር፤ እግሯን እየጎተተች የጌታን አልጋ እስከ መቃብሩ ተከተለች፣ እኔም እጇን ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ። በማግስቱ አባቴ በጉን ይዞ ሳይደርስ በፊት አባ ኮስማስ ራሳቸው ወደ ቮሎስ ከተማ በሚሄደው አውቶብስ አሳፈሩን፤ እዚያ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ቤት አደግኩ። አባቴ ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ አጎቴ ደጅ ላይ ጠብቆ መለሰው። ለብዙ ዓመት እናቴ ቀን ተሳስታ ቤታችንን አፈረሰችው ብዬ ቂም ይዤባት ነበር።

ካደግኩ በኋላ ቂሙ ወደ ቀልድ ተለወጠ። በየፋሲካው ማዕድ ላይ የምነግረው የታወቀ ተረቴ ሆነ፦ "አርብን ከቅዳሜ የማትለየው እናቴ።" እንግዳው ሁሉ ይስቃል። እናቴም አብራ ትስቅ ነበር።

አንድ ፋሲካ ግን ልጄ አልሳቀችም። ዕድሜዋ በዚያ የስቅለት ማታ ከነበረኝ ብዙ አይበልጥም ነበር። ወደ አያቷ ዞረችና "አያቴ፣ ለምን ቅዳሜን አልጠበቅሽም?" አለቻት።

እናቴ ሹካዋን አስቀመጠች። የጣቶቿ ጫፍ ላይ የብልጭታው ጠባሳ እስካሁን አለ፤ እኔ ምግብ ስታበስል የተቃጠለችው ነው እል ነበር። ስለ ጫማው፣ ስለ ክብሪቱ፣ ስለ ወፍጮ ቤቱ የነገረችን ያን ቀን ነው፤ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተናገረች። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ የዳቦ ፍርፋሪ እሰበስብ ነበር።

"ቀኑን አልተሳሳትኩም" አለች በመጨረሻ። "ቅዳሜ ማታ በየሰገነቱ እሳት ይዞራል። ማን ቀና ብሎ ያየኝ ነበር? እንዲያዝኑልኝ ጮኼ፣ ለምኜ አይቻለሁ፤ አልመጡም። ሳስቆጣቸው መጡ።"

"እኔ እኮ ቀሚስሽን ይዤ ጎተትኩሽ" አልኳት።

"ጎተትሽኝ" አለች። "በመስኮት ሆነሽ የተናገርሽውንስ? እኔ ያን ሁሉ ዓመት መናገር ያቃተኝን?"

ከሰሃኑ ቀይ እንቁላል አነሳችና ጫፉን ወደኔ ዘረጋች፤ በፋሲካ እንቁላል ይጋጫል፣ ያልተሰበረለት ዓመቱ ይቀናዋል።

"በይ" አለች፣ "ምቺው።"

መታሁት። እንደ ሁልጊዜው የተሰበረው የኔ ነው።